ሰፈር የወለደው ዲግሪ፦ የማኅበረሰብ ጥበብ የማስተርስ ትምህርት ታሪክ

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2005፣ በካሊፎርኒያ ግዛት በኦክላንድና በሳን ፍራንሲስኮ ያስተምር የነበረው ካሊፎርኒያ ኮሌጅ ኦቭ ዚ አርትስ በማስተርስ ደረጃ አንድ ያልተለመደ የትምህርት ዘርፍ ከፈተ። ወደዚህ ዘርፍ የሚገባ ተማሪ ሸራ ወጥሮ እንዲሥል ወይም ድንጋይ እንዲጠርብ አይገደድም። የሚጠበቅበት ከሰዎች ጋር መሥራት ነው፤ ከሰፈር ነዋሪዎች፣ ከትምህርት ቤት ልጆች፣ ከሠራተኞች፣ ከስደተኞች ጋር። የሥራው ፍሬ የጋራ ማዕድ ሊሆን ይችላል፤ የሕዝብ ውይይት፣ የሰፈር ሙዚየም ወይም ለዓመታት የሚዘልቅ ማኅበርም ሊሆን ይችላል። በአሜሪካ ለእንዲህ ዓይነቱ ጥበብ በማስተርስ ደረጃ ራሱን የቻለ ዘርፍ በመክፈት ይህ ኮሌጅ ቀዳሚ ተብሎ ይጠቀሳል። በአምስት ዓመት ውስጥ ባልቲሞር፣ ሎስ አንጀለስ፣ ፖርትላንድና ኒው ዮርክም የየራሳቸውን መርሐ ግብር ከፈቱ።

ዲግሪው ወጣት ነው፤ ትምህርቱ ግን ዕድሜ አለው። ዩኒቨርሲቲዎቹ በራቸውን ሲከፍቱ ይህ ጥበብ በትምህርት ቤት ጓሮ፣ በጎርፍ ማስተላለፊያ ቦይ፣ በቆሻሻ መኪና ማቆሚያና በተጣሉ ቤቶች ውስጥ ከ35 ዓመት በላይ ተሠርቶበት ነበር። ታሪኩን ከዩኒቨርሲቲዎች መዝገብ የሚጀምር ሰው ግማሹን ያጣዋል። ዲግሪውን የወለደው ሰፈር ነው፤ ዋጋውም ለሰፈር በሚመልሰው ልክ መመዘን አለበት። ይህ ጽሑፍ የሚሟገተው ለዚሁ ሐሳብ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከመጀመሪያዎቹ ተመራቂዎች አንዷ

የሥነ ጥበብ የማስተርስ ዲግሪ ራሱ የሩቅ ዘመን ታሪክ የለውም። የአይዋ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ተመራቂዎች ያወጣው በ1940 ነው። ከሦስቱ አንዷ ጥቁር አሜሪካዊቷ ቀራፂ ኤልዛቤት ካትሌት ነበረች። ዩኒቨርሲቲው በክፍል ውስጥ እንድትማር ሲፈቅድላት፣ በተማሪዎች መኖሪያ እንድታድር ግን በቆዳዋ ቀለም ምክንያት ከለከላት። መምህሯ ሠዓሊው ግራንት ዉድ ተማሪዎቹ ከሁሉ ይልቅ የሚያውቁትን ነገር እንዲሠሩ ይገፋፋቸው ነበር። ካትሌትም የመመረቂያ ሥራዋን እናትና ልጅ አድርጋ ከድንጋይ ቀረፀች።

ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1946፣ ወደ ሜክሲኮ አቀናች። በዚያም በ1937 የተመሠረተውን ታዬር ዴ ግራፊካ ፖፑላር የተባለ የኅትመት ማኅበር ተቀላቀለች። የማኅበሩ አባላት ለሠራተኛ ማኅበራትና ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻዎች ፖስተርና በራሪ ወረቀት ያትማሉ፤ ረቂቆቻቸውን አንድ ላይ ተቀምጠው ይተራረማሉ፤ ሥራቸውን ድሃ በሚገዛው ዋጋ ይሸጣሉ። ዲግሪውን በመጀመሪያው ቀን ከተቀበሉት ሦስት ሰዎች አንዷ ሙያዋን ይዛ ወደ ሕዝብ ወጣች ማለት ነው።

ዲግሪው ራሱ ግን ሌላ መንገድ ያዘ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የጥበብ ማስተርስ እየበዛ ሲሄድ አሠራሩ አንድ መልክ ያዘ፤ ተማሪው ለብቻው ስቱዲዮ ይሰጠዋል፣ ብቻውን ይሠራል፣ መምህራንና ባልንጀሮቹ ሥራውን ይተቹለታል፣ ከተመረቀ በኋላም ጋለሪ ፍለጋ ይሄዳል። ተመልካቹ ማን እንደሆነ፣ ሥራውስ ለማን እንደሚጠቅም የሚጠይቅ ፈተና በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ አልነበረም።

ከክፍል የወጡት መምህራን

ይህን ጥያቄ ካነሱት ቀደምት ሰዎች አንዱ አለን ካፕሮው ነው። ካፕሮው በ1959 በኒው ዮርክ ሩበን ጋለሪ ባቀረበው ትርዒት ተመልካቹን ከወንበሩ አስነስቶ የሥራው አካል በማድረጉ ይታወቃል። ለዚህ ታሪክ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ከአሥር ዓመት በኋላ በበርክሌይ ከአስተማሪው ኸርበርት ኮል ጋር በሕዝብ ትምህርት ቤቶች ውስጥ የሠራው ነው። ማንበብ አይችሉም ተብለው ተስፋ የተቆረጠባቸው የስድስተኛ ክፍል ልጆች ወደ እነርሱ መጡ። ሁለቱ ሰዎች ለልጆቹ የፖላሮይድ ካሜራ ሰጥተው ከተማውን እንዲዞሩና በየግድግዳው የተሞነጨረውን ጽሑፍ ፎቶ እንዲያነሡ አደረጉ። አያነቡም የተባሉት ልጆች የግድግዳውን ጽሑፍ ሲያነቡት ተገኙ። ቀጥሎ ትምህርት ቤቱ የጣላቸውን አሮጌ የንባብ መጻሕፍት ሰጧቸው፤ ልጆቹም ታሪኩንና ሥዕሉን በራሳቸው ሕይወት ልክ እንደገና ሠሩት። ካፕሮው ከብዙ ዓመት በኋላ ይህን ሥራ ሲያስታውስ፣ እንደ ጥበብ ነው ወይስ እንደ ትምህርት መመዘን ያለበት ብሎ ጠይቋል። ዛሬ በማስተርስ ክፍሎች ውስጥ የሚነሣው ጥያቄም ይኸው ነው።

በ1970 ሠዓሊዋ ጁዲ ቺካጎ በፍሬዝኖ ስቴት ኮሌጅ 15 ሴት ተማሪዎችን ይዛ ከግቢ ውጪ ክፍል ከፈተች። ተማሪዎቹ ቦታውን በገዛ እጃቸው ጠገኑት። ትምህርቱ የሚጀምረው ክብ ሠርቶ በመቀመጥ ነበር፤ እያንዳንዷ ያለ አቋራጭ ስለ ሕይወቷ ትናገራለች፣ የሥራው ሐሳብ ከንግግሩ ይወጣል። በተከታዩ ዓመት ትምህርቱ ካልአርትስ ወደተባለው የካሊፎርኒያ የጥበብ ተቋም ተዛወረ። በ1972 መጀመሪያ ላይ ቺካጎ፣ ሚሪያም ሻፒሮና ተማሪዎቻቸው በሆሊዉድ የተጣለ ባለ 17 ክፍል መኖሪያ ቤት አድሰው የሴቶችን የቤት ውስጥ ኑሮ የሚያሳይ ትልቅ ሥራ አድርገው ለሕዝብ ከፈቱት። በ1973 ደግሞ ቺካጎ፣ የጥበብ ታሪክ ምሁሯ አርሊን ሬቨንና ንድፍ ሠሪዋ ሺላ ደ ብሬትቪል ከዩኒቨርሲቲው ወጥተው በሎስ አንጀለስ የሴቶች ሕንፃ የተባለውን ተቋም መሠረቱ። ተቋሙ እስከ 1991 ዘለቀ።

በዚያው ከተማ ጁዲ ባካ ሌላ ትምህርት ቤት ከፈተች፤ ወንበርና ሰሌዳ አልነበረውም። በሳን ፈርናንዶ ሸለቆ የሚያልፈው የቱሁንጋ የጎርፍ ቦይ የኮንክሪት ግድግዳ ላይ የካሊፎርኒያን ታሪክ በሥዕል መተረክ ጀመረች። ሥዕሉ በ1976 ተጀምሮ እስከ 1983 በአምስት ክረምቶች ተሠራ፤ ርዝመቱ 840 ሜትር ገደማ ደረሰ። በሥራው ከ400 በላይ ወጣቶች የተሳተፉ ሲሆን ብዙዎቹ ከሕግ ጋር ተጋጭተው የነበሩ ናቸው። ከተለያዩ ሰፈሮችና ዘሮች የመጡት እነዚህ ልጆች ከታሪክ ተመራማሪዎችና ታሪኩን ከኖሩት ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠው ይወያያሉ፣ ይነድፋሉ፣ ከዚያ ወደ ቦዩ ወርደው ይቀባሉ፤ ለሥራቸውም ይከፈላቸዋል። ባካ ከጓደኞቿ ጋር በ1976 የመሠረተችው ስፓርክ የተባለ ማዕከል በቬኒስ ሰፈር የቀድሞ ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ገብቶ እስከ ዛሬ ይሠራል።

በኒው ዮርክ ሚርል ላደርማን ዩክልስ እናት ስትሆን ቀኗ በማጽዳትና በመንከባከብ እንደተዋጠ አየች። በ1969 የጥገናና የእንክብካቤ ሥራ ጥበብ መሆኑን የሚያውጅ መግለጫ ጻፈች። በ1977 ያለ ደመወዝ የከተማው የጽዳት መሥሪያ ቤት ሠዓሊ ሆነች። ከ1979 እስከ 1980 ባሉት ወራት በከተማው ያሉትን 8,500 የጽዳት ሠራተኞች አንድ በአንድ እያገኘች ጨበጠቻቸው፤ ከተማዋን በሕይወት ስላቆዩ አመሰገነቻቸው። ይህ ሥራ ጋለሪ ውስጥ የሚሰቀል ነገር አልነበረውም። የሠራተኞቹን የሥራ ፈረቃ መማር፣ ሰው የማያያቸውን ሰዎች ማክበርና ለረጅም ጊዜ በታማኝነት መመላለስ ግን ነበረበት።

በጀርመንም ሠዓሊው ጆሴፍ ቦይስ አካዳሚው ያልተቀበላቸውን ተማሪዎች ሁሉ አስገብቶ ከዱሰልዶርፍ አካዳሚ በ1972 ከተባረረ በኋላ፣ በተከታዩ ዓመት ከደራሲው ሃይንሪኽ በል ጋር ነፃ ዓለም አቀፍ ዩኒቨርሲቲን አቋቋመ። በ1982 በካሰል ከተማ 7,000 ዛፎችን ከነዋሪዎች ጋር መትከል ጀመረ፤ የመጨረሻው ዛፍ የተተከለው እርሱ ከሞተ በኋላ በ1987 ነው።

ከፍሬዝኖ እስከ ኦክላንድ ጣሪያ

እነዚህን ሁሉ ጅረቶች ወደ ዩኒቨርሲቲው ያመጣች ሰው ብትፈለግ ሱዛን ሌሲ ናት። በካሊፎርኒያ የእርሻ አገር በ1945 የተወለደች፣ መጀመሪያ የእንስሳት ሳይንስ ያጠናች፣ በፍሬዝኖ የሥነ ልቦና ተማሪ ሳለች በጁዲ ቺካጎ ክፍል የገባች ናት። በካልአርትስ ደግሞ የካፕሮው ተማሪ ሆነች። በ1977 በሎስ አንጀለስ ለሦስት ሳምንት በየቀኑ ወደ ፖሊስ መሥሪያ ቤት እየሄደች በከተማዋ ስለተፈጸመ አስገድዶ መድፈር የቀረበውን ሪፖርት ትወስዳለች፤ ከዚያ በከተማው አስተዳደር ሕንፃ አቅራቢያ በሚገኝ የገበያ ማዕከል በተሰቀለ ትልቅ ካርታ ላይ ቦታውን በቀይ ማኅተም ታትምበታለች። ከካርታው ጎን ለጎንም የእርዳታ ድርጅቶች፣ ጠበቆችና ፖሊሶች የተካፈሉባቸው መድረኮች ተካሄዱ።

በ1987 በሚኒያፖሊስ በእናቶች ቀን ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆነ 430 ሴቶች በአንድ ሰፊ አዳራሽ በጠረጴዛዎች ዙሪያ ተቀምጠው ስለ እርጅና፣ ስለ ሥራና ስለ ተስፋቸው ተነጋገሩ፤ ትርዒቱም በቀጥታ በቴሌቪዥን ተላለፈ። ለአንድ ሰዓት ትርዒት ከሁለት ዓመት በላይ ዝግጅት ተደርጓል። በ1994 ደግሞ በኦክላንድ በአንድ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ጣሪያ ላይ 220 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች 100 መኪናዎች ውስጥ ተቀምጠው ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ፖሊስ፣ ስለ ዘርና ስለ ወደፊት ኑሯቸው ተጨዋወቱ። ተመልካቹ በመስኮት ጎንበስ ብሎ ይሰማል፤ ማቋረጥ ግን አይፈቀድለትም። ጋዜጦች ስለ ወጣቶች በሚጽፉበት ከተማ፣ ለአንድ ምሽት ተናጋሪዎቹ ወጣቶቹ ራሳቸው ሆኑ። ሌሲና ባልደረቦቿ በኦክላንድ ወጣቶች መካከል ለአሥር ዓመት ያህል ቆዩ፤ በ1999 ወጣቶችንና ፖሊሶችን ፊት ለፊት ያነጋገረ ሥራም ከዚያ ወጣ።

ሌሲ በእነዚያ ዓመታት ከ1987 እስከ 1997 በኦክላንድ የዚያው የካሊፎርኒያ ኮሌጅ የጥበብ ክፍል ዲን ነበረች። በ1991 በሳን ፍራንሲስኮ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም በኮሌጁ አማካይነት ጉባኤ አዘጋጀች፤ ካፕሮው፣ ባካና ሌሎች የዘርፉ ሰዎች ተናገሩ፣ ጻፉ። ሐሳባቸው በ1995 በመጽሐፍ ታተመ። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ መምህር ለተማሪው ይህ ዘርፍ ታሪክ አለው፣ ሕግጋት አለው፣ ያልተፈቱ ጥያቄዎችም አሉት ብሎ የሚሰጠው ጽሑፍ ተገኘ።

በዚያው በ1995 የካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በሞንተሬ ቤይ፣ ከአንድ ዓመት በፊት በተዘጋው የፎርት ኦርድ የጦር ሰፈር ላይ አዲስ ግቢ ከፈተ። ባካ፣ ሌሲና አማሊያ ሜሳ ቤይንስ ከመሥራች መምህራኑ መካከል ሆነው የእይታና የሕዝብ ጥበብ ክፍልን አቋቋሙ። ይህ የመጀመሪያ ዲግሪ ክፍል ቢሆንም ለማስተርሱ መንገድ ጠርጓል። በዙሪያው ካሉ የእርሻ ሠራተኞች ማኅበረሰቦች ጋር የመሥራት ግዴታ ከጅምሩ በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ ተጻፈ።

የሂዩስተን ልጅ ጥያቄ

በቴክሳስ የተከፈተው ሌላው ትምህርት ቤት ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ ጋር ግንኙነት አልነበረውም። ሠዓሊው ሪክ ሎው በሂዩስተን የጥቁሮችን ጭቆና የሚያሳዩ ትልልቅ ሥራዎች ይሠራ ነበር። በ1990 ገደማ ሥራውን ሊያይ የመጣ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ፣ ችግሩን እኛ እናውቀዋለን፣ እናንተ ሠዓሊዎች ፈጣሪዎች ከሆናችሁ ለምን መፍትሔ አትፈጥሩም ብሎ ጠየቀው። ሎው ስቱዲዮውን ትቶ ወጣ። በ1993 ከሌሎች ሠዓሊዎችና ነዋሪዎች ጋር በሶስተኛው ዋርድ ሰፈር ተጥለው የነበሩ 22 ትናንሽ ቤቶችን አስጠግኖ ፕሮጀክት ሮው ሃውስስን መሠረተ። ከቤቶቹ ገሚሱ ለሠዓሊያን ሥራ ማሳያ፣ ገሚሱ ትምህርታቸውን ለሚቀጥሉ ወጣት እናቶች መኖሪያ ሆነ። ዛሬ በብዙ የማስተርስ ክፍሎች ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጀምሮ የሚጠና ምሳሌ ነው፤ ያን ጥያቄ ያነሣውም ዲግሪ ያልነበረው ታዳጊ ነው።

ዲግሪው ሲከፈት

ከ2000 በኋላ በርካታ ምክንያቶች ተገጣጠሙ። የ1970ዎቹ ተማሪዎች አሁን መምህራንና ዲኖች ሆነዋል። የንድፈ ሐሳብ መጻሕፍትም ወጡ፤ ፈረንሳዊው ኒኮላ ቡሪዮ በ1998፣ አሜሪካዊው ግራንት ኬስተር በ2004 የጻፏቸው መጻሕፍት በግንኙነትና በውይይት ላይ ለተመሠረተ ጥበብ የሚያወሩበት ቋንቋ ሰጡት። ከሁሉ በላይ ግን ተማሪዎቹ ራሳቸው ይህን ሥራ ይዘው መጡ። ስቱዲዮ ውስጥ የሚሰቀል ነገር የሌለው ተማሪ በየሴሚስተሩ ትችት ላይ ይቸገር ነበር፤ ሥራውን የሚመዝንለት መምህር ያስፈልገው ነበር።

በካሊፎርኒያ ኮሌጅ ዘርፉን ያቋቋመው ቴድ ፐርቪስ ነው። በ2005 ያሳተመው መጽሐፍ የሚናገረው ስለ ልግስናና ስለ መለዋወጥ ነበር። ከሱዛን ኮክሬል ጋር ከ2004 እስከ 2007 በኦክላንድ ተመስካል ሰፈር በሠሩት ሥራ በየጓሮው ዛፍ ላይ ተትረፍርፎ የሚረግፈውን ፍሬ ጎረቤቶች እንዲለዋወጡት አደረጉ። ተመስካል የብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ምግብ ቤቶችና ሱቆች የሚገኙበት ሰፈር ነው፤ የአማርኛ ተናጋሪ ስደተኞች ከዚህ ጥበብ ሩቅ አልነበሩም ማለት ይቻላል።

በ1826 የተመሠረተው የሜሪላንድ የጥበብ ኮሌጅ በባልቲሞር የማኅበረሰብ ጥበብ ማስተርስ ከፈተ። የባልቲሞር መንገድ የተለየ ነበር፤ ተማሪው በሰፈር ድርጅት ውስጥ ተመድቦ ከልጆችና ከወጣቶች ጋር እየሠራ ይማር ነበር፣ ማስተማርም የጥበቡ አንድ ክፍል ተደርጎ ይቆጠር ነበር። በ2007 ሱዛን ሌሲ በሎስ አንጀለስ ኦቲስ ኮሌጅ የሕዝብ ጥበብ ማስተርስን መሠረተች። በዚያው ዓመት ሃረል ፍሌቸር በፖርትላንድ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የጥበብና የማኅበራዊ ተግባር ማስተርስን ጀመረ። ፍሌቸር ሌሲ ዲን በነበረችበት ኮሌጅ በ1994 የተመረቀ ነው። ከ2002 እስከ 2009 ከደራሲና ፊልም ሠሪዋ ሚራንዳ ጁላይ ጋር ለማንኛውም ሰው ትናንሽ የቤት ሥራዎች እየሰጠ፣ ሰዎች የላኩትን መልስ የሚሰበስብ ሥራ ሠርቷል፤ ዛሬ ሥራው በሳን ፍራንሲስኮ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል።

በኒው ዮርክ ኩዊንስ ኮሌጅና የኩዊንስ ሙዚየም በ2010 አንድ ላይ መርሐ ግብር ከፈቱ። ኩዊንስ ከመላው ዓለም የመጡ ስደተኞች የሚኖሩበት ክፍለ ከተማ ነው። ሙዚየሙ በቶም ፊንክልፐርል አመራር ዘመን የማኅበረሰብ አደራጆችን በቋሚ ሠራተኝነት ቀጥሮ ነበር። በ2011 ኩባዊቷ ታኒያ ብሩጌራ በሙዚየሙና ክሪኤቲቭ ታይም በተባለው የጥበብ ድርጅት ድጋፍ በኮሮና ሰፈር የስደተኞች ንቅናቄ ማዕከል ስትከፍት ለአንድ ዓመት ከስደተኞች ጋር በአንድ ቤት፣ በዝቅተኛው ደመወዝ ልክ ኖረች። በማዕከሉ ቋንቋና የሕግ ምክር ይሰጥ ነበር። ፊንክልፐርል በ2014 የከተማዋ የባህል ኮሚሽነር ሲሆን፣ በ2015 ሠዓሊያንን በከተማው መሥሪያ ቤቶች የሚመድብ መርሐ ግብር ተከፈተ፤ አርአያ የተደረገችውም ከ1977 ጀምሮ በጽዳት መሥሪያ ቤት የሠራችው ዩክልስ ናት።

ምን ይማራሉ?

የዚህ ትምህርት ክፍል ከሌሎች የጥበብ ማስተርሶች የሚለየው በሚያስተምራቸው ክህሎቶች ነው። ተማሪው ታሪክና ንድፈ ሐሳብ ያነባል፤ የብራዚሉ መምህር ፓውሎ ፍሬሬና የቲያትር ሰው አውጉስቶ ቦዋል በብዙ ክፍሎች ይነበባሉ። ከዚህ ሌላ ቃለ መጠይቅ ማድረግ፣ ስብሰባ መምራት፣ በጀት መጻፍ፣ ፈቃድ ማውጣት፣ ከድርጅት ጋር ውል መዋዋል፣ ያልተስማሙ ሰዎችን ማነጋገር ይማራል። ሜክሲኳዊው ፓብሎ ኤልጌራ በ2011 ባሳተመው መጽሐፍ እነዚህን ክህሎቶች ከትምህርት ሳይንስ ጋር አያይዞ አቅርቧቸዋል፤ እርሱ ራሱ በ2006 ከአላስካ እስከ ደቡብ አሜሪካ ጫፍ በመኪና እየተጓዘ ተንቀሳቃሽ ትምህርት ቤት አዘጋጅቶ ነበር።

ይህ ሁሉ በተግባር እንዴት እንደሚገናኝ የፖርትላንዱ የኪንግ ትምህርት ቤት የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም በደንብ ያሳያል። ፍሌቸርና ሠዓሊዋ ሊሳ ጃሬት በ2014 በዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ መሠረቱት። ኮሪደሮቹ ጋለሪ ናቸው። ሙያቸው የታወቀ ሠዓሊያን እየመጡ ከልጆቹ ጋር ይሠራሉ፣ ልጆቹም ዐውደ ርዕይ ማዘጋጀትን፣ እንግዳ ማስጎብኘትንና ስለ ሥራ መጻፍን ይለማመዳሉ። የማስተርስ ተማሪዎቹ ከልጆቹ ጎን ሆነው ያግዛሉ። አንድ ተማሪ ተመርቆ ሲሄድ ሙዚየሙ ይቀራል፤ የሚመጣው ተማሪም ከዜሮ አይጀምርም፣ ነዋሪውም በየዓመቱ ከአዲስ እንግዳ ጋር ለመተዋወቅ አይገደድም።

በመመረቂያ ጊዜ የሚቀርቡት ጥያቄዎችም ሌሎች ናቸው። ሥራው የማን ስም ይዟል? የመጣው ገንዘብ ለማን ወጣ? የተሳተፉት ሰዎች እንቢ የማለት ዕድል ነበራቸው? ሥራው ሲያልቅ ምን ይቀራል? እነዚህ ጥያቄዎች በሥዕልና በቅርፃ ቅርፅ ክፍል እምብዛም አይነሡም፤ እዚህ ግን የሙያው መሠረት ናቸው።

ክርክሩና ያልተከፈለው ዕዳ

ዘርፉ ከመነሻው ብርቱ ተቺ አግኝቷል። በ2006 የጥበብ ታሪክ ምሁሯ ክሌር ቢሾፕ በአርትፎረም መጽሔት ባወጣችው ጽሑፍ እነዚህ ሥራዎች በመልካም ሥነ ምግባራቸው ብቻ እየተመሰገኑ ጥበባዊ ብርታታቸው ሳይመረመር ቀርቷል ስትል ወቀሰች። ኬስተር መለሰላት፤ ለእርሱ ውይይቱ ራሱ፣ በጊዜ ውስጥ የሚያድገው መተማመን ራሱ የጥበቡ ቅርፅ ነው። ቢሾፕ በ2012 ሙሉ መጽሐፍ ጻፈች፣ ኬስተርም በ2015 በሳን ዲዬጎ ለዘርፉ ትችት የቆመ መጽሔት መሠረተ። እኔ ከሁለቱ መምረጥ የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ከላይ የተጠቀሰው የኦክላንድ ጣሪያ ሥራ በሥነ ምግባሩ የታመነ፣ በቅርፁም የተዋጣለት ነበር። ደካማ ሥራ ሠርቶ በጎ ሐሳብ ነበረኝ የሚል ሠዓሊ ነዋሪውን አላከበረም፤ ያማረ ሥራ ሠርቶ ነዋሪውን እንደ መሣሪያ የተጠቀመም እንዲሁ።

ከቢሾፕ ትችት ይልቅ የሚከብደው የጊዜ ጉዳይ ነው። ማስተርስ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ነው። ባካ ግድግዳውን በስምንት ዓመት ሠራችው፤ ሌሲ በኦክላንድ አሥር ዓመት ቆየች፤ ዩክልስ ዕድሜዋን ሁሉ ለጽዳት ሠራተኞች ሰጠች። ተማሪው የሰፈሩን ሰው ስም ለማወቅ አንድ ዓመት ይፈጅበታል፤ በሁለተኛው ዓመት መመረቂያውን ይጽፋል፤ በሦስተኛው የለም። ነዋሪው የተነገረው፣ የተቀረፀውና ፎቶ የተነሣው ግን ለተማሪው ዲግሪ ሆኖ ይቀራል። ይህን ያላረመ መርሐ ግብር የማኅበረሰብ ጥበብ ሊባል አይገባውም።

ሁለተኛው የገንዘብ ነው። በአሜሪካ የጥበብ ማስተርስ ውድ ነው፤ ተመራቂው ዕዳ ይዞ ወጥቶ በሰፈር ማዕከል በሚከፈለው አነስተኛ ደመወዝ ሊኖር አይችልም። ስለዚህ ዲግሪው የሚቀረው ሀብታም ቤተሰብ ላለው ነው፤ የሰፈሩ ልጅ ደግሞ ስለ ሰፈሩ የሚማረው ሌላ ሰው ሆኖ ያየዋል። የሰፈሩን ልጆች በነፃ ትምህርት ዕድል የሚያስገባ፣ ነዋሪዎችን በክፍያ መምህር የሚያደርግ ዩኒቨርሲቲ ብቻ ነው ይህን የሚያርመው።

ከአዲስ አበባ የመጣው ማስረጃ

ለዚህ ክርክር አንድ ማስረጃ ከአገራችን ይገኛል። በ1996 እንግሊዛዊው የዳንስ መምህር ሮይስተን ማልዱም መንታ ልጆች ያሏቸውን ድሃ ቤተሰቦች በሚረዳው ጀሚኒ ትረስት አማካይነት በአዲስ አበባ ከመቶ ያህል የጎዳና ልጆች ጋር የካርሚና ቡራናን ሙዚቃ በዳንስ አቀረበ። ሥራው በአንድ ምሽት አልቆመም። ከልጆቹ ጥቂቶቹ ተመርጠው ለአምስት ዓመት ያህል ዳንስ መፍጠርን፣ ማስተማርንና ከማኅበረሰብ ጋር መሥራትን ሠለጠኑ፤ አዱኛ የተባለው የማኅበረሰብ ዳንስ ቡድን ከዚህ ወጣ። ቡድኑ በኋላ ከአካል ጉዳተኞች ጋርም ሠርቷል። ከሠልጣኞቹ ጁናይድ ጀማል ሰንዲ በ2004 በሮሌክስ መርሐ ግብር ከጃፓናዊው ሳቡሮ ተሺጋዋራ ጋር እንዲሠራ ተመረጠ፤ ከባልደረባው አዲሱ ደምሴ ጋርም ዴስቲኖ የዳንስ ቡድንን መሠረተ። ማልዱም ደግሞ በ2003 በበርሊን 250 ልጆችን ከፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ጋር አስደነሰ። አምስት ዓመት፣ ከዚያው ከተማ የወጡ ሠልጣኞች፣ ተመልሰው የሚያስተምሩ ተመራቂዎች፤ ይህ ከብዙ ባለ ማስተርስ ክፍሎች የበለጠ የተሟላ ሥርዓተ ትምህርት ነው።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። ዩኒቨርሲቲው ለዚህ ጥበብ ስም፣ መጽሐፍ፣ መምህርና ደመወዝ ሰጥቷል፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከሰፈር ያገኘውን ግን ገና አልመለሰም። መመለስ የሚችለው በአንድ ሰፈር ለአሥርና ለሃያ ዓመት በመቆየት፣ ከዚያው ሰፈር ተማሪ በመቀበልና ለነዋሪው እንደ መምህር በመክፈል ነው። አንባቢ ሆይ፣ በአዲስ አበባም ሆነ በኦክላንድ፣ በዋሽንግተንም ሆነ በቴል አቪቭ አንድ የጥበብ ተማሪ በርዎን አንኳኩቶ ከእርስዎ ጋር ልሥራ ሲል በደስታ ይቀበሉት። ከመጀመሪያው ቡና በኋላ ግን ሦስት ነገር ይጠይቁት፦ እስከ መቼ ትቆያለህ? የሥራው ባለቤት ማን ነው? አንተ ስትሄድ ማን ይቀጥለዋል? መልስ ያለው ተማሪ ከጥሩ ትምህርት ቤት የመጣ ነው።